ልጄን አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ላክሁት፤ ናፍቆቱ ግን አልለቀው አለ

የመንዝ መምህር፦ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ለሥራ ደብረ ብርሃን በወረድሁበት አጋጣሚ ነው። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት እንደ ልብ ስለማይገኝ መልስ ብዘገይ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምኖረው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። መምህር ነኝ፤ ሆኖም የማስተምርበት ትምህርት ቤት በጸጥታው ችግር ምክንያት በሩን ከዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የመጀመሪያውን ዓመት ልጄን ቤት ውስጥ እያስተማርሁ ለማሳለፍ ሞከርሁ፤ ነገር ግን ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ በጎቹ እያሸነፉኝ፣ ዓመቱ እንዲሁ አለቀ። በዚህ ዓመት ግን አምስተኛ ክፍል መግባት አለበት ብለን ከባለቤቴ ጋር ከመከርን በኋላ፣ መስከረም ላይ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ታላቅ እኅቴ ዘንድ ወሰድሁት። ዕድሜው 11 ነው። እናቱ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችለት፤ ከቤት ሲተኛበት የኖረውንም ባና አሸክማው መጣ። እኅቴ «ብርድ ልብስ ሞልቶ ይህን ከባድ ነገር ለምን ተሸከማችሁ?» ብላ ሳቀችብን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደስተኛ ነበር። ከመስቀል በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፤ እኅቴ ሐኪም ቤት ወስዳ አስመርምራው ምንም አልተገኘበትም። ማታ ባናውን ፊቱ ላይ ስቦ እንደሚያለቅስ የነገረችኝ እርሷ ናት፤ እርሱ በስልክ ሳናግረው «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አይጨምርም። እኅቴ ደግ ሰው ናት፤ ባሏም ጨዋ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ በቤቱ በደል ይኖራል ብዬ አልጠረጥርም።

ባለቤቴ «ልጄን መልስልኝ» ትለኛለች። ብመልሰው ደግሞ ሁለተኛውን ዓመት ያለ ትምህርት ሊቀመጥ ነው። እኅቴ በበኩሏ «ድምፃችሁን በሰማ ቁጥር ይብስበታል፤ አንድ ወር አትደውሉለት፤ ይለምዳል» ብላ መክራኛለች። ይህ ምክር ትክክል ነውን? በዚህ ውስጥ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ቀጥተኛው፦ ጥቅምት 14

ወንድሜ፣ እኅትዎ የነገረችዎ እውነት ነው። እኔ የተማርሁት ከወላጆቼ ቤት የስምንት ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ፣ በወረዳ ከተማ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ እየተመላለስሁ ነው። ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አልቅሼም ከሆነ የሰማኝ የለም፤ ይኸው ሰው ሆንሁ። ልጁ ወንድ ነው፤ ትምህርትም ያለ መከራ አይገኝም። አሁን ቢራሩለትና ቢመልሱት፣ ነገ «ለምን ጨክነህ አላስተማርኸኝም?» ብሎ የሚወቅሰው እርስዎን ነው። ስልኩን ለጊዜው ይተውት።

የአኮፋዳው ልጅ፦ ጥቅምት 15

ለቀጥተኛው ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ከራሴ የልጅነት ዘመን አንድ ነገር ላስታውስ።

እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ዳዊት ከደገምሁ በኋላ፣ በ12 ዓመቴ፣ ከጋይንት ተነሥቼ ዓባይን ተሻግሬ ቅኔ ልማር ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሄድሁ። ከቤተሰቤ መልእክት የሚደርሰኝ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እርሱም መንገደኛ ከተገኘ ነበር። ስለዚህ «ሳይደወልለት ይለምዳል» ለሚለው ከእኔ የተሻለ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም፤ እውነትም ለመድሁ። ይሁን እንጂ የለመድሁት በምን ምክንያት እንደሆነ ማየት ይገባል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው እኔ ብቻ አልነበርሁም። በአንዲት ጎጆ አራት ሆነን እናድር ነበር፤ አራታችንም አገራችን ሩቅ ነው፤ አራታችንም የለመንነውን ቁራሽ በአንድ ላይ አፍስሰን እንበላለን። ከእኔ ቀደም ብሎ የመጣው ተማሪ አገባቡን ያስጠናኝ ነበር፤ ሌሊት ስነቃም «አንተም ገና አልተኛህም?» የሚለኝ እርሱ ነው። በዚያ መንደር ሁሉም እንግዳ ስለነበረ ማንም እንግዳ አልነበረም። የእርስዎ ልጅ ግን ባለቤቶች ባሉበት ቤት ብቸኛው እንግዳ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደግሞም የኔታ ናፍቆታችንን አልከለከሉንም። የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና፣ ማለትም ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ፣ ስቆጥር ያነሣሁት የእናቴን ቤት ጭስ ነበር። ቅኔው ቤት የማይመታ፣ አካሄዱም የተሰበረ ነበርና አረሙልኝ፤ ስለ ጭሱ ግን «ይህን ተወው» አላሉኝም። «ነገ ደግሞ በዚሁ ምሥጢር ሌላ ቁጠር» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ስልኩን አይቁረጡበት የሚል ነው። እኛ የተቆረጠብን መንገድ ስላልነበረ ነው እንጂ ወላጆቻችን ጥቅም አይተውበት አይደለም።

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦ ጥቅምት 15

በነርስነት ከሕፃናት ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በፊት ስለ ሆድ ሕመሙ ልናገር፤ ሐኪም ምንም አላገኘም ማለት ልጁ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ያዘነና የሰጋ ልጅ ሆዱን በእውነት ያመዋል። «አስመስለህ ነው» ቢባል ሕመሙ ላይ ውርደት ይጨመርበታልና ማንም እንዳይለው አደራ።

«አትደውሉለት» የሚለውን በተመለከተ፣ ይህ ሐሳብ በሕክምናው ዓለም ተሞክሮ የተተወ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1950ዎቹ ድረስ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተኛ ሕፃን በወላጁ የሚጠየቀው በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ወላጅ መጥቶ ሲሄድ ልጁ ስለሚያለቅስ፣ ወላጅ ባይመጣ ይሻላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ተመራማሪ እነዚህን ሕፃናት ቀርቦ ሲከታተል ሦስት ደረጃዎችን አየ፦ መጀመሪያ እየጮኸ ይቃወማል፤ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል፤ በመጨረሻ እናቱ ስትመጣ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ነርሶቹ «ለመደ» ይሉ የነበረው ይህን የመጨረሻውን ነው። በ1959 ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጠይቁ የሚመክር የመንግሥት ሪፖርት ወጣ። እርግጥ የ11 ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት ሕፃን አይደለም፤ ሆኖም ዝምታን እንደ መዳን መቁጠር በሁለቱም ላይ ያሳስታል።

ሌላው፣ «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብለው ቃል አይግቡለት። ስለ ናፍቆት የጻፉ የሕፃናት ሐኪሞች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ይህን ነው፤ ልጁ መልመድን ትቶ የሚወሰድበትን ቀን መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ የታወቀ የስልክ ቀን ይኑራችሁ። ሰኞ ይደወል ይሆን፣ ማክሰኞ ይደወል ይሆን እያለ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ የሚያዳምጥ ልጅ እንዴት ብሎ ይማራል?

አንድ ነገር ሳልናገር ግን አላልፍም። በደል የለም ብለው ቢያምኑም ልጁን ለብቻው ሆኖ «በቤትም ሆነ በመንገድ የምትፈራው ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁት። ቢከሳ፣ ጨዋታ ቢያቆም፣ ቀድሞ ያልነበረበት ሌሊት የመሽናት ችግር ቢጀምረው፣ ይህን ናፍቆት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

አደራ ተቀባይ፦ ጥቅምት 17

እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ከላኪው ወገን ነው። እኔ ተቀባይ ነኝና ከዚህኛው ወገን የሚታየውን ልናገር።

የባለቤቴን የወንድም ልጅ በ10 ዓመቱ ተቀብለን አዳማ አብሮን አራት ዓመት ኖሯል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ልጁን ኩሩ አድርጌ ነበር የማየው። ምግብ ሳቀርብ «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ቴሌቪዥን ስንከፍት ከበሩ አጠገብ ይቆማል፤ ልብስ ስገዛለት አመሰግናለሁ ብሎ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል እንጂ አይለብሰውም። አንድ ቀን ከሥራ አምሽቼ ስገባ ልጆቼ ከፍሪጅ አውጥተው በልተው ተኝተዋል፤ እርሱ ግን ጾሙን ቁጭ ብሏል። ለምን አልበላህም ብለው፣ «እትዬ፣ ማን ይክፈትልኝ?» አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ያንን ፍሪጅ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቶት አያውቅም ነበር። እናቱ ቤት ግን ሲርበው ከመሶቡ ቆርሶ፣ ቆሎውን ዘግኖ የሚወጣ ልጅ ነው። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ልጁን ያስለቀሰው እናቱን ማጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ እጁን ሳይሳቀቅ የሚዘረጋበት ቦታ ማጣቱም እንደሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ መሳቢያ ሰጠሁት፤ ከልጆቼ ማንም እንዳይከፍተው ከለከልሁ። ሥራም ሰጠሁት። እስከዚያ ድረስ «ሰው ልጁን አደራ ብሎ ቢልክልኝ አሠራዋለሁ እንዴ?» ብዬ ምንም አላዘውም ነበር። ልጆቼ ሰሐን ሲያጥቡ እርሱ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ ይህም እንግዳ መሆኑን በየቀኑ እንደመንገር ነበር። ከልጆቼ እኩል፣ ከእነርሱ ግን ሳይበዛ፣ ተራ ሲገባለት ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። ሳይበዛ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ሰው ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ለጠያቂው አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅዎን በስልክ ሲያናግሩት ስልኩ የማን ነው? እኅትዎስ በዚያ ሰዓት የት ናት?

እናት ከሜሪላንድ፦ ጥቅምት 18

ይህን ውይይት ያነበብሁት ሌሊት ነው፤ ካነበብሁ በኋላም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትቻት ወደ አሜሪካ መጣሁ። ጥገኝነት ጠይቄ፣ ጉዳዬ ታይቶ፣ ወረቀቷ አልቆ እስክትመጣ ድረስ አራት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። መጀመሪያ በስልኩ መስታወት ባየችኝ ቁጥር ታለቅስ ነበር፤ እኔም ስልኩን ዘግቼ አለቅስ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማልቀሷን አቆመች። እናቴ «ተመስገን፣ ለመደች» አለችኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሲስተር ሦስተኛው ደረጃ ያሉትን ያነበብሁት ግን ዛሬ ነው። ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ጣቢያ ስቀበላት እጇን ዘርግታ እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው ጨበጠችኝ።

አሁን ደህና ነን፤ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች። የእርስዎ ልጅ እስካሁን የሚያለቅስ ከሆነ ግን ገና እየጠራችሁ ነውና፣ እባክዎ ስልኩን ያንሡለት።

ቀጥተኛው፦ ጥቅምት 18

የሁላችሁንም አነበብሁ። ስለ ስልኩ የተናገርሁትን መልሼ እወስዳለሁ። ትምህርቱን አቋርጦ መመለስ የለበትም በሚለው ግን አሁንም ጸንቻለሁ። የአኮፋዳው ልጅ ያሉትን ሳስብ፣ እኔም የቻልሁት አብረውኝ የተከራዩት ሁለቱ ጓደኞቼ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ስለነበሩ ይመስለኛል። ድርቆሻችንን በአንድ ከረጢት ነበር የምናስቀምጠው።

የመንዝ መምህር፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄውን ጠይቄ በመጥፋቴ ይቅርታ፤ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣሁት ገና ትናንት ነው። የጻፋችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብሁ፤ የሚበዛውንም በወረቀት ገልብጬ ለባለቤቴ ልወስድላት ነው።

አደራ ተቀባይ የጠየቁኝ ጥያቄ መታኝ። ስልኩ የእኅቴ ነው፤ ድምፁም ሁሉም እንዲሰማ ክፍት ሆኖ፣ ሳሎን መካከል፣ እርሷና ልጆቿ ከብበውት ነበር የሚያናግረን። በዚያ መካከል ከ«ደህና ነኝ» በቀር ምን ሊል ይችላል? ስለዚህ ትናንት ማታ እኅቴን ቀድሜ አናገርኋት። እንዳይከፋት ፈርቼ ነበር፤ እርሷ ግን «እንዴት ይህን አላሰብሁም?» ብላ ስልኩን ሰጥታው በር ዘግታለት ወጣች።

መጀመሪያ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሲስተር እንዳሉኝ የሚፈራው ሰው እንዳለ ጠየቅሁት፤ የለም አለኝ። ከዚያ ግን በቀስታ፣ «አባዬ፣ የላካችሁኝ ያችን ግልገል ስላስበላሁ ነው?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ ጭጋጉ በወረደበት ቀን በጎቹን ሲጠብቅ አንዲቱን ግልገል ቀበሮ ወሰደችበት። እኔም ተቆጥቼ «አንተ ልጅ ለዚህ ቤት አትሆንም» ብዬው ነበር፤ በማግሥቱ ረሳሁት። ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት አዲስ አበባ መሄዱን ነገርነው። እኛ ስለ ትምህርቱ ስንመክር የከረምነው እርሱ ከተኛ በኋላ ነበርና፣ ከምክራችን አንዱንም አልሰማም፤ የሰማው የእኔን ቁጣ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከቤት እንደተባረረ አድርጎ ሲቆጥር ኖሯል ማለት ነው።

የተናገርሁት በቁጣ እንደሆነ፣ የላክነው ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ብቻ እንደሆነ፣ ቤቱ አሁንም ቤቱ እንደሆነ ነገርሁት። ልጄን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። እሑድና ረቡዕ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ልንደውልለት ተስማምተናል፤ መስመሩ የሚሠራው ጉብታው ላይ ስለሆነ ባለቤቴ ጋቢዋን ደርባ እዚያ ትወጣለች።

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦ ኅዳር 9

እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆች ምክንያቱ ያልተነገራቸውን ነገር ባዶውን አይተዉትም፤ በራሳቸው ጥፋት ይሞሉታል። አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ ብለው አይተዉት፤ ደግሞ ደጋግሞ መስማት ይፈልጋል። ምናልባት መስመር ቢጠፋ እንዳይደነግጥ፣ «ያልደወልን እንደሆነ ኔትወርክ የለም ማለት ነው» ብለው ከአሁኑ ይንገሩት።

የአዲስ አበባ መምህርት፦ ኅዳር 11

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት ከልዩ ልዩ አካባቢ ወደ ዘመድ የመጡ ልጆች በርከት ብለዋል። ልጆቹ በንግግራቸው ለዛ ይሳቅባቸዋል፤ «ገጠሬ» ይባላሉ፤ ቤት ሄደው ግን አይናገሩም። እኅትዎ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኝታ ልጁ ከየት እንደመጣና ለምን እንደመጣ ትንገረው። መምህሩ ካላወቀ፣ አንድ ዓመት ከትምህርት የራቀውን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ ከኋላ ሊያስቀምጠው ይችላል። የሆድ ሕመሙ በትምህርት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን ቤት ውስጥ ብቻ አትፈልጉት።

የመንዝ መምህር፦ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ያለውን ላሳውቅ።

መምህርቷ እንዳሉት ሆኖ ተገኝቷል። በክፍሉ ሁለት ልጆች አነጋገሩን እየተከተሉ ይስቁበት ነበር። የክፍል ኃላፊው ልጆቹን ገሥጾ፣ ልጄን ከወሎ ከመጣ ሌላ ተማሪ ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ የአኮፋዳው ልጅ ያሉት ዓይነት ጓደኛ ሳይሆነው አይቀርም። የሆድ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አሁንም አለ።

ለገና ልናመጣው አስበን መንገዱ ስላላስተማመነን፣ ባለቤቴ ብቻዋን ሄዳ አራት ቀን አብራው ሰነበተች። ስትለየው ከመስከረሙ ይልቅ አምርሮ አለቀሰ። እርሷም ወደ ቤት ስትመለስ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ «ባልሄድ ይሻል ነበር» አለች። በሦስተኛው ቀን ስንደውል ግን ኳስ ሊጫወት ወጥቷል ተባልን። ከገባ በኋላ ደውሎ እናቱ እንዳልከፋት ጠየቀኝ።

እኅቴ መሳቢያ ሰጥታዋለች። ሰሐን ማጠቡም ተራ ገብቶለታል፤ ሐሙስና ቅዳሜ የእርሱ ነው። ባናውን አሁን የአክስቱ ታናሽ ልጅ ካልተጋራሁ ብሎ እያስቸገረው ነው።

የዚያች ግልገል እናት በዚህ ሳምንት መንታ ወለደች። እሑድ ስነግረው አንዷን ራሱ ስም እንዲያወጣላት ጠየቀኝ፤ እስከ ረቡዕ አስብበታለሁ ብሏል።